የጃፓንኛ ሰዋስው ደረጃ በምን ይታወቃል?

የጃፓንኛ ተማሪ ሰዋስው የት እንደ ደረሰ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው በቁጥር ነው፦ ኤን 4፣ ኤን 3፣ ኤን 2። ቁጥሩ የመጣው ጄኤልፒቲ ተብሎ ከሚታወቀው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀመር አራት ደረጃዎች ነበሩት፤ በ2010 ተሻሽሎ አምስት ሆኑ። ታችኛው ኤን 5፣ ላይኛው ኤን 1 ነው። አዲስ የገባው ኤን 3 ሲሆን፣ የገባውም በቀድሞው ሦስተኛና ሁለተኛ ደረጃ መካከል ያለው ርቀት ከመጠን በላይ ሰፊ ስለ ነበረ ነው። የቀድሞው መለኪያ ለሦስተኛው ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ትምህርት፣ 300 ካንጂ የሚባሉ የቻይና ፊደላትና 1,500 ቃላት ይጠይቅ ነበር፤ ለሁለተኛው ደግሞ 600 ሰዓት፣ 1,000 ካንጂና 6,000 ቃላት። በዚያው መለኪያ ውስጥ ሰዋስው የተገለጠው በቅጽል ብቻ ነው፦ «ጀማሪ»፣ «መሠረታዊ»፣ «ከፍ ያለ»። ካንጂም ቃላትም በቁጥር ሲሰፈሩ ሰዋስው ሳይቆጠር ታለፈ። ይህ የአዘጋጆቹ ስንፍና አይደለም። ፊደልና ቃል አንድ ሁለት ተብለው የሚቆጠሩ ነገሮች ናቸው፤ ሰዋስው ግን ነገር ከመሆን ይልቅ ነገሮችን የማያያዝ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በቁና አይሰፈርም።

የዛሬው ፈተናም ሰዋስውን ለብቻው አይመዝንም። በኤን 1 ጠቅላላው ነጥብ 180 ነው፤ 60ው ለቃላትና ለሰዋስው በአንድነት፣ 60ው ለንባብ፣ 60ው ለማዳመጥ። 100 ያገኘ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ግን ቢያንስ 19 ማግኘት አለበት። የሰዋስው ውጤት በተናጠል የሚታየው ከውጤት ወረቀቱ ግርጌ በሚሰፍር አንድ ፊደል ነው፦ 67 በመቶና ከዚያ በላይ ለመለሰ ኤ፣ ከ34 በመቶ በታች ለመለሰ ሲ፣ በመካከል ላለው ቢ። ያም ለመረጃ ያህል ተጻፈ እንጂ በማለፍና በመውደቅ ላይ ድምፅ የለውም። ስለዚህ «ሰዋስዌ ኤን 2 ነው» የሚል ሰው ፈተናው ያልነገረውን ነው የሚናገረው። ፈተናው የነገረው ስለ ንባቡ፣ ስለ ጆሮው፣ ስለ ቃላቱና ስለ ሰዋስው ባንድ ላይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፍኖለት ሊሆን ይችላል። ካንጂ ከልጅነቱ የሚያውቅ ቻይናዊ በንባብ ያገኘው ነጥብ ደካማ ሰዋስውን ተሸክሞ ሊያሳልፈው መቻሉ በጃፓንኛ መምህራን ዘንድ አዲስ ወሬ አይደለም።

«የኤን 3 ሰዋስው» የሚባለው ነገር ታዲያ ከየት መጣ? እስከ 2009 ድረስ በየደረጃው የሚፈተኑ ቃላትንና የሰዋስው ቅርጾችን የዘረዘረ መጽሐፍ በይፋ ይታተም ነበር። ከማሻሻያው በኋላ አዘጋጆቹ ዝርዝሩን ማውጣት አቆሙ፤ የትምህርቱ ግብ ቋንቋውን መጠቀም እንጂ ዝርዝር መሸምደድ አይደለም ብለው። እነሱ የተዉትን አሳታሚዎች አነሡት። ዛሬ በመጻሕፍት መደብር የሚደረደሩት የየደረጃው የሰዋስው መጻሕፍት ያለፉ ፈተናዎችንና የቀድሞውን ዝርዝር እያዩ የተሠሩ ግምቶች ናቸው። ግምቶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ተማሪው ግን እንደ ሕግ ይቀበላቸዋል፣ ከ200 ቅርጾች 150ውን ካወቀ ሦስት አራተኛ መንገድ እንደ ሄደ ይቆጥራል።

ቅርጽ መቁጠር በጃፓንኛ ማስተማር ልማድ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ሰዋስው የሚቆረሰው ቡንኬይ በሚባሉ የዓረፍተ ነገር ቅርጾች ነው፤ በዓለም ዙሪያ የታወቀው «ሚና ኖ ኒሆንጎ» የተባለው መማሪያ በሁለቱ የጀማሪ ቅጾቹ 50 ምዕራፎች ያሉት ሲሆን፣ በየምዕራፉ ጥቂት ጥቂት ቅርጽ ይመጣል። ለማስተማር ይህ የሚመች አከፋፈል ነው። ለመለካት ሲያገለግል ግን አንድ እንግዳ ነገር ይፈጥራል፦ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይቀመጣል። በኤን 1 መጻሕፍት ውስጥ ከሚገኙት ቅርጾች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ በማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ «አታድርግ» ለማለት የሚጻፈው ቤካራዙ፣ አማርኛ ውስጥ ከግዕዝ እንደ ቀሩ አነጋገሮች ያሉ የጥንታዊ ጃፓንኛ ቅሪቶች ናቸው። ትርጉማቸው ጠባብ፣ ቦታቸው የታወቀ ነው፤ አንድ ከሰዓት ተቀምጦ ብዙዎቹን መያዝ ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ከሰዋስው ይልቅ ለቃላት ይቀርባሉ።

በመጀመሪያው ትምህርት የሚመጡት ዋ እና ጋ የተባሉት ሁለት ትንንሽ ቃላት ግን ኤን 1 ያለፈውንም ሰው አይለቁትም። ዋ የንግግሩን ርዕስ ያቆማል፤ ጋ በግምት ባለቤቱን ይጠቁማል። ይህን ለማለት አንድ መስመር ይበቃል፤ ለማብራራት ግን መጻሕፍት አልበቁም። የሰዋስው አጥኚው ሚካሚ አኪራ በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱን የወሰደው «ዞ ዋ ሃና ጋ ናጋይ» ከምትል አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው» እንደ ማለት። ሚካሚ በዚህች አጭር ምሳሌ ላይ ተነሥቶ የምዕራባውያን ሰዋስው «ባለቤት» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ለጃፓንኛ አይሆንም እስከ ማለት ደርሷል። የቋንቋ ሊቁ ኩኖ ሱሱሙ በ1973 ባወጣው ሥራው የዋን አገልግሎት ርዕስ በማቆምና በማነጻጸር፣ የጋን ደግሞ ያዩትን ገለልተኛ ሆኖ በመግለጽና «ሌላ ሳይሆን ይኼው» ብሎ በመለየት ከፈለው። አከፋፈሉን ያነበበ ተማሪ አራቱን መደቦች መጥራት ይችላል። ስለ ጎረቤቱ ሠርግ አሥር ዓረፍተ ነገር ሲናገር ግን የቱን የት እንደሚያስገባ ያ ንባብ አይነግረውም። የትኛው ቃል እንደሚገባ የሚወስነው ቀድሞ የተባለው፣ አድማጩ የሚያውቀውና ተናጋሪው ሊያጎላ የፈለገው ነው፤ ያ ሁሉ ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ያለ ነገር ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል በ1949 በታተመው መጽሐፉ አንድ ነገር እንዲህ መሆኑን በማወቅና አንድን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉ በማወቅ መካከል ልዩነት አበጅቷል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይቀዳም ይላል፤ ደንብን በቃል መያዝ ደንቡን መፈጸም አይደለም፣ በደንቡ የሚሠራም ሰው ደንቡን መናገር ላይችል ይችላል። ጃፓናዊ ሕፃን ዋን ከጋ ሳያምታታ ይናገራል፤ ልዩነቱን ንገረኝ ቢሉት ግን ዝም ይላል። የውጭ ተማሪው በተቃራኒው ነው። ስለዚህ የሰዋስው ደረጃ ሲጠየቅ ከሁለቱ እውቀቶች የትኛው እንደ ተጠየቀ አስቀድሞ መለየት አለበት፤ ተማሪዎች በራሳቸው ላይ የሚሰጡት ፍርድ የሚዛባው በአብዛኛው ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው።

ፈተናዎችም በዚህ መስመር ላይ የተለያየ ቦታ ይይዛሉ። ጄኤልፒቲ ሙሉ በሙሉ የምርጫ ፈተና ነው፤ የሚጻፍም የሚነገርም የለውም። ከአራት አማራጮች ትክክለኛውን ማወቅ፣ ያን ቃል ከባዶ ከማምጣት የተለየ ችሎታ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል ግን ለመሥራት ቀረብ የሚል አንድ ዓይነት አለ፦ አራት የተበታተኑ ቁርጥራጮች ቀርበው በቅደም ተከተል ሲገጠሙ ኮከብ ምልክት ባለበት ቦታ የትኛው እንደሚውል ይጠየቃል። እዚህ ላይ ትርጉም ማወቅ ብቻ አያድንም፤ የትኛው የትኛውን እንደሚገልጽና የትኛው ከማን በኋላ እንደሚቆም ማየት ይጠይቃል። በጹኩባ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና ተማሪዎችን በየክፍላቸው ለመመደብ የሚያገለግለው ስፖት የሚባለው ፈተና ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። ተፈታኙ ሂራጋና ከሚባሉት የጃፓንኛ ፊደላት አንዲቱ የጎደለችበትን ዓረፍተ ነገር እያየ፣ ያው ዓረፍተ ነገር በተፈጥሮ ፍጥነት ሲነበብ ይሰማል፤ የጎደለችውን ሞልቶ ሳያርፍ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የጎደለችው ሁልጊዜ የሰዋስው ሥራ ያለባት ናት። አንድ ሰው በተፈጥሮ ፍጥነት የተነገረን ፊደል የሚሰማው ሰዋስዉ እንድትኖር አስቀድሞ ሲጠብቃት ነውና፣ የማይጠብቃት ጆሮ ያልፋታል። ፈተናው በአምስት ደቂቃ ማሰላሰል የሚገኘውን እውቀት ወደ ጎን ትቶ ሳይታሰብ የሚመጣውን ብቻ ይለካል። ስለ ሰዋስው ደረጃ ከተሠሩት መለኪያዎች ውስጥ ብልሃቱ የሚያስደንቀው ይኸኛው ነው፤ ደንቡን ስለ ማብራራት አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ደንቡ የት እንደ ሰፈረ ይደርስበታል።

ፈተና በሌለበት፣ ተማሪው ራሱን ሲመዝን፣ ነገሩ ይከብዳል። ፕላቶ «ሜኖን» በተባለው ንግግሩ ያነሣው እንቆቅልሽ እዚህ ላይ በቁሙ ይመጣል፦ የማያውቁትን ነገር እንዴት ይፈልጉታል? ቢያገኙትስ እሱ መሆኑን በምን ይለዩታል? የሰዋስው ጉድለቱን ለማየት ተማሪው የጎደለውን ያንኑ ሰዋስው ይፈልጋል። ራስን ለመገምገም የሚወጡ «እችላለሁ» የሚሉ ዝርዝሮች ከዚህ አያወጡም። የጄኤልፒቲ አዘጋጆች ራሳቸው ያወጡት እንዲህ ያለ ዝርዝር አለ፤ በየደረጃው ያለፉ ሰዎች እንችላለን ብለው የሚያስቡትን የሰበሰበ እንጂ የፈተናው ይዘት እንዳልሆነም በግልጽ ያሳስባል። ማሳሰቢያው ተገቢ ነው። በባቡር ጣቢያ መንገድ የጠፋበት ሰው በሦስት የተሰባበሩ ዓረፍተ ነገሮች ጠይቆ መንገዱን ቢያገኝ «መንገድ መጠየቅ እችላለሁ» ማለቱ እውነት ነው፤ ሰዋስዉ ግን በዚያ እውነት ውስጥ አልተመዘነም። ጠያቂውን ያሻገረው የመላሹ ትሕትና ነው።

ከእንቆቅልሹ የሚያወጣ በከፊልም ቢሆን የሚሠራ መንገድ ያሳየው የቋንቋ ትምህርት አጥኚው ፒት ኮርደር ነው። በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ስህተት ለይቷል፦ ተናጋሪው ቢነገረው ወይም ቢያስተውል ራሱ የሚያርመው መንሸራተት አለ፤ ከራሱ ሥርዓት የሚመነጭና ስህተት መሆኑ የማይታየውም አለ። ሌላው አጥኚ ላሪ ሴሊንከር በ1972 በዚህ ላይ ጨምሮ የተማሪው ሰዋስው የዒላማው ቋንቋ ጎደሎ ክፍል ሳይሆን የራሱ ደንብ ያለው ሌላ ሥርዓት ነው አለ። ይህ ከተያዘ «ከጃፓንኛ ሰዋስው ስንት እጁን አውቃለሁ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑ ይገለጣል። የሚጠየቀው ተማሪው በጭንቅላቱ የያዘው ሥርዓት ከጃፓናውያኑ ሥርዓት ጋር የት ላይ እንደሚለያይ ነው።

ይህን በተግባር ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ተማሪው ሁለት ገጽ ያህል ሳይቸኩል፣ መጽሐፍ ሳይገልጥ ይጽፋል፤ ለሳምንት ያህል ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በቀይ ያርመዋል። የታረመውን ለጃፓናዊ መምህር ሰጥቶ በሰማያዊ ያሳርመዋል። ቀዩ መንሸራተቱ ነው፤ ተማሪው ደንቡን ያውቃል፣ እጁ ግን ገና አልለመደም። ሰማያዊው የሥርዓቱ ልዩነት ነው። መምህሩ ከስህተት ሌላ ፉሺዘን የሚል ምልክት ማኖሩም አይቀርም፤ ደንቡ አልተጣሰም፣ እንዲህ ግን አይባልም ለማለት። ከመካከለኛ ደረጃ በላይ ያለ ተማሪ ጽሑፍ ላይ ከስህተቱ ይልቅ ይህ ምልክት ይበዛል፤ ተማሪውን ግን ስህተት ከተባለው ይልቅ የሚያበሳጨው ይኸው ነው፣ ምክንያቱም የሚሄድበት ደንብ አያገኝለትም።

ገጹ ላይ የማይታይ ሌላም ጉድለት አለ፦ ያልተሞከረው። ተመራማሪዋ ጃክሊን ሻክተር በ1974 የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን ጽሑፍ ስትመረምር ቻይናውያንና ጃፓናውያን በአንጻራዊ ሐረግ አጠቃቀም ከፋርስና ከዓረብ ተማሪዎች ያነሰ ሲሳሳቱ አገኘች። ያነሰ የተሳሳቱት ግን ቅርጹን ስለሚሸሹት ነበር። ጃፓንኛ ውስጥ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ በብዛት አለ። «ከሆነ»፣ «ቢሆን» ለማለት የሚያገለግሉ ቶ፣ ባ፣ ታራና ናራ የተባሉ አራት ቅርጾች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ክልል አለው። ለምሳሌ ቶ ከተባለ በኋላ ትእዛዝ ወይም ልመና አይከተልም። ከአራቱ ሰፊው ታራ ስለሆነ ሁሉንም በታራ የሚናገር ሰው እምብዛም አይሳሳትም፤ ማንም አያርመውም፣ እሱም አራቱን አውቃቸዋለሁ ብሎ ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱን ገጾች ካሳረመ በኋላ ተማሪው ያልጻፈውንም መፈለግ አለበት። ለዚህ የሚያግዝ መሣሪያ ማኪኖ ሴይቺና ጹጹይ ሚቺዮ ያዘጋጁት የሰዋስው መዝገበ ቃላት ነው፤ መሠረታዊው በ1986፣ መካከለኛው በ1995፣ ከፍተኛው በ2008 ታትሟል። ማውጫውን ከገጾቹ ጎን አስቀምጦ የትኞቹ ቅርጾች አንድም ጊዜ እንዳልመጡ ማየት፣ ቅርጾቹን አውቃለሁ ወይ ብሎ ራስን ከመጠየቅ ይልቅ እውነተኛ መልስ ይሰጣል።

በንግግር ደግሞ አሜሪካኖቹ ኦፒአይ የሚሉት ቃለ መጠይቅ የሚከተለው ዘዴ ይጠቅማል። ቢበዛ 30 ደቂቃ በሚወስደው ውይይት ጠያቂው ርዕሱን ከዕለት ኑሮ ወደ ረቂቅ ነገር እያከበደ ይወስደዋል፤ ተናጋሪው እስኪሰበር ድረስ። ደረጃው የሚሰጠው አንድ ጊዜ ዘሎ በነካው ከፍታ ሳይሆን ሳይወድቅ በቆመበት ነው። ስለ ቁርሱ ሲናገር አስደራጊና ተደራጊ ግስ አጣምሮ የሚጠቀም ሰው ስለ ግብር ሲጠየቅ ግሱን በቀላል ቅርጹ ብቻ መናገር ከጀመረ፣ ያ ጥምረት ገና የእርሱ አልሆነም።

የደረጃው መሰላል ለሁሉም አንድ ዓይነት ርቀት የለውም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ማሠልጠኛ ጃፓንኛን እጅግ ከባድ ከሚላቸው ጋር መድቦ 2,200 የክፍል ሰዓት ይሰጠዋል፤ አማርኛ በዚያው ሠንጠረዥ 1,100 ሰዓት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የተሰሉት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። የብዙዎቹ መማሪያ መጻሕፍት ማብራሪያም እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው የተጻፈ ነው፣ «ይህ ይከብዳል» የሚለውም ፍርድ የዚያ ሰው ፍርድ ነው። አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ግሱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ አይደነግጥም። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለው ሐረግ ኪኖ ካታ ሆን ሲባል የቃላቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው። «በልቼ መጣሁ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ቴ ከሚባለው የጃፓንኛ የግስ ቅርጽ ጋር በሥራ ይገናኛል። መጻሕፍቱ እንደ ትንግርት የሚያብራሩት «የጉዳት ተደራጊ»፣ ዝናብ ዘንቦ ተናጋሪውን የጎዳበት አሜ ኒ ፉራሬታ፣ አማርኛ «ልብስ አስጥቼ ዘነበብኝ» ሲል በየቀኑ የሚሠራበት ስሜት ነው። ልጅ ሲያለቅስ «አለቀሰብኝ» የሚል ሰው ኮዶሞ ኒ ናካሬታ የሚለውን ትርጉም ለመረዳት ገለጻ አያስፈልገውም።

ቅርበቱ ግን የራሱን ወጥመድ ያመጣል፤ ወጥመዱም በየትኛውም የደረጃ ዝርዝር ላይ አልተመለከተም። የአማርኛ ግስ አድራጊውን ሰው በሆዱ ይይዛል፤ በልቼ ካለ እኔ፣ በልቶ ካለ እሱ ነው። የጃፓንኛው ታቤቴ ግን ማን እንደ በላ አይናገርም። አድማጩ ያን የሚያገኘው ከዋ፣ ከአክብሮት ቅርጾችና ከሰጪና ተቀባይ ግሶች ነው። እዚህም ላይ «ጻፈልኝ» ካይቴ ኩሬታ ሲሆን የተመቸው ተማሪ «እጽፍልዎታለሁ» የሚለውን ካይቴ አጌማስ ብሎ ለመምህሩ ያቀርባል። አማርኛው ትሕትና ነው፤ ጃፓንኛው ግን ከላይ ሆኖ ውለታ እንደ መጣል ይሰማል። ኦካኪ ሺማስ ማለት ነበረበት። ሰዋስዉ አልተሳሳተም፣ መጽሐፉ ላይ ያለው ቅርጽም ያው ነው፤ የምርጫ ፈተና ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያልፈው ነበር።

የአክብሮት ንግግር ወደ መሰላሉ ጫፍ ያደርሳል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ መለኪያው ራሱ ይነቃነቃል። የጃፓን የባህል ምክር ቤት በ2007 ባወጣው መመሪያ በትምህርት ቤት በሦስት ይከፈል የነበረውን የአክብሮት ንግግር በአምስት ከፈለው፤ መመሪያው የተጻፈው ለውጭ ተማሪ ሳይሆን ለጃፓናውያን ነው። ኩባንያዎች አዲስ ተቀጣሪዎቻቸውን በዚህ ያሠለጥናሉ፤ አንድን ግስ ሁለት ጊዜ ማክበርም አፋቸውን በጃፓንኛ በፈቱት ዘንድ የተለመደ ስህተት ነው። በተራው ግስ ላይም ሁኔታው ያው ነው። «ማየት ይቻላል» ለማለት ሰዋስው የሚያዘው ሚራሬሩ ነው፤ ሕዝቡ ግን ራን እየጣለ ሚሬሩ ይላል። የባህል ጉዳዮች ኤጀንሲ በየዓመቱ በሚያካሂደው የቋንቋ ጥናት፣ በ2015 የበጀት ዓመት፣ የዚህ ግስ አጭር ቅርጽ ተጠቃሚዎች ሙሉውን ከሚጠቀሙት ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ዛሬም ሚራሬሩን ያስተምራሉ። በዚህ ከፍታ ላይ ላለ ተማሪ ሁለቱን ቅርጾች ማወቁ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ለሥራ ማመልከቻ የትኛውን እንደሚጽፍ፣ ከጓደኛው ጋር ሲያወራም የትኛው ሳያስበው ከአፉ እንደሚወጣ ነው።